የኪሳራ ፍርድ ቤቱና የእቁባችን ደብተር፦ ቻፕተር 13 እኔ እንዳየሁት

ሰው ስለ ሬስቶራንቱም ስለ ጋራዡም አስተያየቱን ይጽፋል። ባንክራፕሲ ያለፈበት ሰው ግን እንደ ሕመም ደብቆት ነው የሚኖረው። እኔ ከመግባቴ በፊት አንድ ያየው ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባገኘሁ ነበር። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

በሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ፤ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ በ2023 ወገቡን ታሞ ሥራ ካቆመ ወዲህ በአንድ ደመወዝ ብዙ ነገር ለመሸከም ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ማርች 10 ቀን 2025 ቻፕተር 13 አስገባሁ፤ ይህ በፕላን በየወሩ እየከፈሉ የሚያልፉበት የኪሳራ ዓይነት ነው፤ መዝገቡ የተከፈተው ግሪንቤልት ባለው የፌዴራል የኪሳራ ፍርድ ቤት ነው። ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አምስተኛውን ያስቀረሁት በሕጉ አንድ ድንጋጌ የተነሳ ነው፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ በጣም ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። አስፈርዶብኝ የነበረ አንድ ዕዳ ሰብሳቢ በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዜ ላይ ያስቆርጥ ነበር። ማመልከቻው ፍርድ ቤት እንደገባ ያ መቆም አለበት፤ የዳኛ ፊርማ አይጠበቅም፣ ሕጉ ራሱ በዚያው ቅጽበት ሁሉንም ሰብሳቢ ያግዳል። ጠበቃዬ የመዝገቡን ቁጥር ለመሥሪያ ቤቴ የደመወዝ ክፍል ላከችላቸው፣ በሚቀጥለው ቼክ ላይ ተቆራጩ የለም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ያን ቼክ ደጋግሜ አየሁት።

ግን እዚያ ከመድረሴ በፊት ልሳሳት ነበር። በመጀመሪያ የሄድኩት ጠበቃ ወዳልሆነ፣ "ፎርም እሞላለሁ" ወደሚል ሰው ነው። የዕዳዬን ዝርዝር ሲያይ ሁለት ነገር ሰረዘ። አንዱ የእቁቡን ዕዳ፤ "ይሄ የሐበሻ ጉዳይ ነው፣ እነሱ አያውቁትም" አለኝ። ሌላው ለታላቅ እህቴ የመለስኩላትን 6,000 ዶላር። ገንዘብ ከፍዬ ወጣሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ፎርሙ ላይ "በሐሰት ከማልሁ በወንጀል እጠየቃለሁ" ብላችሁ ነው የምትፈርሙት። ሀብትን ወይም ክፍያን አውቆ መደበቅ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ፎርም ሞዪ ደግሞ በሕግ የተፈቀደለት የነገራችሁትን መጻፍ ብቻ ነው፤ ይሄን ጻፊ፣ ያን ተዪ ብሎ መምከር አይችልም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ከጠበቃዬ ነው።

ጠበቃዬ ወጣት ናት፤ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አወጣችና መሐሉ ላይ መስመር አሰመረች። በአንድ በኩል "ዕዳ"፣ በሌላው "መያዣ" ብላ ጻፈች። "ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው" አለችኝ። ዕዳ ማለት እኔ በግሌ የምጠየቅበት ነው። መያዣ ማለት ደግሞ አበዳሪው በንብረቱ ላይ ያለው መብት ነው። በመጨረሻ የሚሰጠው የዕዳ ስረዛ እኔን ነፃ ያወጣል፤ መያዣው ግን ማንም ካልነካው ንብረቱ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። የማውቃት አንዲት ሴት ቻፕተር 7 (ያለ ወርሃዊ ፕላን ዕዳ የሚሰረዝበትን ኪሳራ) ጨርሳ፣ ሁሉም አልቋል ብላ ኖራ፣ ከዓመታት በኋላ ቤቷን ስትሸጥ የድሮው ፍርድ ሪከርድ ላይ ተመዝግቦ ቆይቷት ከሽያጩ ላይ ወስደውባታል። ዕዳው ተሰርዞላት ነበር፣ መያዣው ግን አልተነሳም፤ እንዲነሳ የጠየቀም የለም።

የእኔም ኮንዶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ያ ደመወዜን ያስቆርጥ የነበረው ሰብሳቢ የ8,300 ዶላር ፍርዱን ቤቴ ላይ አስመዝግቦታል። ቤቱ 198,000 ዶላር ያወጣል፣ የባንኩ ሞርጌጅ 183,000 ነው፤ ስለዚህ የእኔ ድርሻ 15,000 ነው። ይህ ድርሻ ባለዕዳ የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ሕጉ ከሚጠብቀው መጠን ውስጥ ይገባል። በፍርድ የመጣ መያዣ ይህን የተጠበቀ ድርሻ የሚነካ ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያነሳው ማመልከት ይቻላል። አመለከትን፤ ሰብሳቢው መልስ አልሰጠም፤ ተነሳ። ዕዳው አልጠፋም፣ መያዣ ከሌላቸው ዕዳዎች ጋር ተቀላቀለ እንጂ። ፕላኑን ሳልጨርስ መዝገቡ ቢዘጋብኝ ደግሞ መያዣው ተመልሶ ቤቱ ላይ ይጣበቃል። ይህን እያሰብኩ ነው በየወሩ የምከፍለው።

ስለ ሞርጌጁም ጠይቄ ነበር። የምትኖሩበትን ቤት ዋና ሞርጌጅ በቻፕተር 13 ዋጋው ወርዷል ብሎ መቀነስ አይቻልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 የዘጋው በር ነው። ያን እንደነበረ እየከፈልኩ ነው።

መኪናው ላይ የነበረው ክርክር ግን ሌላ ነው፤ ሳስታውሰው ዛሬም ልቤ ይመታል። ያለ መኪና የማታ ፈረቃ የለም። ያገለገለ መኪና በ2022 ጁላይ ወር በ17.9 ከመቶ ወለድ ገዛሁ፤ ማመልከቻው ሲገባ የቀረብኝ 21,400 ዶላር ነበር። መኪናው ግን ያን ያህል አያወጣም። ሕጉ የሚለው፣ መያዣ ያለው ዕዳ መያዣው የሚያወጣውን ያህል ብቻ ነው ባለመያዣ የሚባለው፤ የተረፈው እንደማንኛውም ዕዳ ይቆጠራል። ለግል መገልገያ በተገዛ መኪና ላይ ግን አንድ ገደብ አለ። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 910 ቀናት ውስጥ የተገዛ ከሆነ አይቀነስም። ጠበቃዬ ካላንደር ዘርግታ ቆጠረች፦ 973 ቀን። በ63 ቀን አለፍኩ። ሁለት ወር ተኩል ቀድሜ ተቻኩዬ ብገባ ኖሮ ይሄ መብት አይኖረኝም ነበር ማለት ነው። ለመግባት የምታስቡ ሰዎች፣ እባካችሁ የገዛችሁበትን ቀን ከውሉ ላይ አንብቡ።

ከዚያ ዋጋው ስንት ነው የሚለው መጣ። እኛ 11,200 አልን፣ አበዳሪው 15,600 አለ። ሕጉ የሚጠይቀው በጨረታ የሚሸጥበትን ሳይሆን፣ በዚያ ዕድሜና በዚያ ሁኔታ ያለን መኪና ነጋዴ ለገዢ የሚሸጥበትን ዋጋ ነው። ስለዚህ የእኛ ቁጥር ዝቅ ያለ ነበር፤ የእነሱ ደግሞ ምንም ያልተነካ መኪና ዋጋ ነው። እኔ ፎቶ አነሳሁ፦ 141,000 ማይል የሚያሳየውን ዳሽቦርድ፣ የተጋጨውን የኋላ በር፣ ከሥር የዛገውን። አንድ መካኒክ ትራንስሚሽኑን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጽፎ ፈረመልኝ። በቀጠሮው ቀን የአበዳሪው ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ስልክ ደወለ፣ ተመልሶ መጣና 13,500 ላይ ተስማማን። ዳኛዋ ፊት የተነበበው ያ ነው። የቀረው 7,900 መያዣ ከሌላቸው ጋር ሄደ። ወለዱም ወረደ፤ ከ2004ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የሚሠራበት፣ የባንኮች መነሻ ወለድ ላይ ለስጋት ትንሽ መጨመር ነው። ያኔ መነሻው 7.5 ነበር፣ 1.5 ተጨመረና 9 ከመቶ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ይሄ ነው፦ ፍርድ ቤቱ ማን እውነተኛ ባለገንዘብ እንደሆነ ፈልጎ አያወጣላችሁም። ባለገንዘቡ ክሌም የሚባለውን ፎርም ቁጥር 410 ሞልቶ ያስገባል፤ ማንም ካልተቃወመ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ዝም ያላችሁት ሁሉ ይከፈላል። ማመልከቻው ከገባ ጀምሮ ለአበዳሪዎች 70 ቀን ይሰጣቸዋል፤ የእኔ ሜይ 19 ላይ አለቀ። በማግስቱ ከሥራ ገብቼ ሳልተኛ የፍርድ ቤቶቹን የመዝገብ ድረ ገጽ ፔሰርን ከፍቼ የክሌሞቹን ዝርዝር አየሁ። ገጹ 10 ሳንቲም ነው፤ በሦስት ወር ከ30 ዶላር ካላለፈ ጨርሶ አያስከፍልም። ማንም ሰው የራሱን መዝገብ በዓይኑ እንዲያይ እለምናለሁ።

ክሌም ቁጥር 4፦ 9,764 ዶላር። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ዕዳ ገዢ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለ የክሬዲት ካርድ ክሌም ዕዳው ከማን እንደተገዛ፣ መጨረሻ የተከፈለበትን ቀን፣ ሌላም ጥቂት ነገር መግለጽ አለበት። ገልጸዋል። መጨረሻ የተከፈለው በማርች 2019። አራት ጊዜ አነበብኩት። በሜሪላንድ እንዲህ ላለ የውል ዕዳ ይርጋው ሦስት ዓመት ነው፤ ፍርድም አልወሰዱበትም። ዕዳው ከመጀመሪያው ባንክ ወደ እነሱ መተላለፉን የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ አላያያዙም። በፍርድ ቤት ቢከሱኝ የማያሸንፉበትን ዕዳ እዚህ ሞልተው አስገቡ፣ እኔ ዝም እንድል ጠብቀው። ይህ ደግሞ በራሱ ክልክል አይደለም፤ በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጊዜው በግልጽ ያለፈበትን ዕዳ በኪሳራ መዝገብ ማቅረብ የዕዳ ሰብሳቢዎችን ሕግ መጣስ አይደለም ብሏል። አንዱ ምክንያቱ ባለአደራው (ክፍያውን ሰብስቦ ለባለገንዘቦች የሚያከፋፍለው) ወይም ባለዕዳው ሊቃወም ይችላል የሚል ነው። እንግዲህ የተቃውሞው ሸክም እኛ ላይ ነው።

የእቁቡ ነገር ከዚህ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ሃያ ሰው ነን፣ 500 ዶላር በየሁለት ሳምንቱ። እጣው በአራተኛው ዙር ወጣልኝና 10,000 በላሁ፤ ስድስተኛውን ከከፈልኩ በኋላ አቃተኝ። 7,000 ቀረብኝ። ጠበቃዬ ይህን ስነግራት አልሳቀችም፣ አልገረማትም፤ "የእቁቡ ዳኛ የት ነው የሚኖሩት? አድራሻቸውን አምጪ" አለች። ከፌዴራል ፍርድ ቤት ፖስታ ሲደርሳቸው ጋሼ ደወሉልኝ። "ምነው ልጄ፣ ከሰስሽን እንዴ?" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የጎዳኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ፣ "ጋሼ፣ መክሰሴ አይደለም፤ እናንተም ከእነ ባንክ እኩል ገንዘባችሁን ጠይቁ የሚል ወረቀት ነው" ብዬ አስረዳኋቸው።

እቁባችን የሚጻፈው በተማሪ ደብተር ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ ከመገላበጥ የሳሳ። በግራ በኩል ሃያ ስም በቁጥር፣ በላይ ደግሞ ዙሩና ቀኑ፣ የከፈለ ሰው ሳጥን ውስጥ ጸሐፊዋ የምታደርጋት ትንሽ ምልክት። እጣ የወጣለት ስሙ በቀይ ይከበባል። የእኔ ስም በቀይ ተከብቦ፣ ከሱ ቀጥሎ ስድስት ምልክት፣ ከዚያ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ፣ ባዶ። ገንዘቡን ስቀበል የፈረምኩበት ገጽ፣ የሁለት ዋሶቼ ፊርማ ከሥሩ። ጋሼ ኮፒ አስደረጉት፣ የወንድማቸው ልጅ ተረጎመችላቸው፣ ፎርም 410 ላይ አያያዙት። ክሌም ቁጥር 7 ሆኖ ገባ። ጋሼ ባያስገቡ ኖሮ ጊዜው ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት እኔው ስለ እነሱ ማስገባት እችል ነበር፤ እሳቸው ግን "ራሴ ነኝ የምጠይቀው" አሉ።

ክሌም 4ን ለመቃወም ምክንያት የሆነኝ ይሄ ደብተር ነው። ጠበቃዬ ቁጥሩን ስታሳየኝ ገባኝ። ፕላኔ በወር 465 ዶላር ለ60 ወር ነው። ከዚያ ላይ የባለአደራው ኮሚሽን፣ የጠበቃዋ ቀሪ ክፍያና መኪናው ሲነሳ መያዣ ለሌላቸው ወደ 6,000 ዶላር ይቀራል። ያን 6,000 እንደ ዕዳቸው መጠን ይካፈሉታል። ክሌም 4 ካለበት የሁሉም ድምር 42,264 ነው፣ ለእያንዳንዱ ዶላር 14 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። ከወጣ ድምሩ 32,500 ይሆናል፣ ከ18 ሳንቲም በላይ። እኔ በወር የምከፍለው አንድ ዶላር አይቀንስም። ልዩነቱ የሚሄደው ለሌሎቹ ነው፤ እቁቡ ከ994 ወደ 1,292 ይደርሳል። ወደ 300 ዶላር። "ለአንቺ የሚያመጣልሽ ነገር የለም፣ ለምን ትደክሚያለሽ?" ያለኝ ዘመድ አለ። የማይገባው ሰው በበላ ቁጥር የሚጎድለው ከእነዚያ ሃያ ሳጥኖች ነው አልኩት።

ተቃውሞውን ለኩባንያው ላክን፤ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በቀጠሮው ቀን የሐኪም ቀጠሮ ያለኝ ያህል ፈርቼ ገባሁ። ዳኛዋ የመዝገቡን ቁጥር አንብበው "ለባለገንዘቡ የቀረበ አለ?" ብለው ጠየቁ። ዝም። ጠበቃዬ ቀኑን፣ ይርጋውን፣ የጎደለውን ወረቀት በአጭሩ አስረዳች። ዳኛዋ ስክሪናቸው ላይ ክሌሙን ራሳቸው ከፍተው አነበቡ፤ ማንበባቸውን አየሁ። ከዚያ ተቃውሞው ተቀባይነት አግኝቷል አሉ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ክሌም ቁጥር 7ን የተቃወመ ሰው የለም። በእጅ የተጻፈ የተማሪ ደብተር እንደ ማንኛውም ባንክ ሰነድ ቆመ።

ይህ ነው አራት ኮከብ ያሰጠኝ። ማን ትልቅ ነው ተብሎ አይጠየቅም፣ ወረቀትህን አሳይ ነው።

አሁን የቀረው አንድ ኮከብ። እህቴ ባለቤቴ ሲታመም 6,000 ዶላር አበድራኝ ነበር፤ በ2024 ኦክቶበር እንደምንም ሰብስቤ መለስኩላት። ሕጉ ለዘመድ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለን ዕዳ ለሌሎቹ ሊደርስ የሚገባ ገንዘብ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ቻፕተር 7 ብገባ ባለአደራው ከእትዬ ላይ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ቻፕተር 13 የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ እዚህ እሷን ከመጠየቅ ይልቅ የዚያን ገንዘብ ዋጋ እኔው በፕላኑ እከፍለዋለሁ። ያ 6,000 ከየት መጣ ያላችሁ ከሆነ፣ ከዚህ ነው። የአበዳሪዎች ስብሰባ በሚባለው፣ በዙም በሚደረገው ጥያቄ ላይ ባለአደራው "ላለፈው አንድ ዓመት ለዘመድ የከፈልሽው አለ?" ብሎ ሲጠይቀኝ በስልክ የነበረችው አስተርጓሚ በአማርኛ ደገመችልኝ፣ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። "አዎ፣ ለእህቴ" አልኩ። የሕጉ ዓላማ ይገባኛል፤ ሰው ከስሮ ሲያበቃ ለዘመዱ ብቻ እንዳይከፍል ነው። ግን ባሏ አልጋ ላይ እያለ የደረሰችላትን እህት መክፈል እንደ ማሸሽ ሲቆጠር ልቤ አይቀበለውም። ለበሽታና ለቀብር የተበደሩትን ለመለየት ቦታ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቀሪው ባጭሩ፦ የማስገቢያው ክፍያ 313 ዶላር ነው፣ በክፍያ ከፋፍሎ መስጠት ይቻላል። ከመግባት በፊት አንድ፣ ከገቡ በኋላ አንድ የገንዘብ አያያዝ ኮርስ ይወሰዳል፤ ሁለቱንም በስልኬ ጨረስኩ፣ ሁለተኛው የተሻለ ነው። ወረቀት በጣም ይበዛል፤ የደመወዝ ቼክ፣ የታክስ፣ የባንክ ስቴትመንት ከአሁኑ በአንድ ፋይል አኑሩ። እቁብ፣ እድር፣ ከጓደኛ በቃል የተበደራችሁትም ቢሆን ሁሉም ይጻፍ።

ለእቁቡ ከ1,292 በላይ ያለውን እንድከፍል ሕጉ አያስገድደኝም። ከልካይም የለም፤ ዕዳ ከተሰረዘ በኋላ በፈቃድ መክፈል ይቻላል። ለጋሼ ይህን ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ወር ቤታቸው ስሄድ ደብተሩን አውጥተው ከኋላ በኩል አዲስ ገጽ አሳዩኝ፤ ከላይ ስሜ፣ ከሥሩ 60 ትናንሽ ሳጥን፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። የእቁቡ ቼክ ገና አልጀመረም፣ መኪናውና ጠበቃዋ ይቀድማሉ። እሳቸው ግን ለባለአደራው በከፈልኩ ቁጥር ደውዬ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ ዘጠኙን ምልክት አድርገዋል።